ወደ ጨው ማምረቻው ፍርስራሽ በባሕሩ ዳርቻ፦ ሰዓቱን የሚቆርጠው ባሕሩ ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኤደንብራ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ አለች። ዕድሜዋ 66 ነው፤ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። የ6 እና የ10 ዓመት ልጆች አሉኝ። ስኮትላንድ፣ ፋይፍ በሚባለው አካባቢ ሴንት ሞናንስ የምትባል መንደር አጠገብ የድሮ ጨው ማምረቻ ፍርስራሽ እንዳለ ሰማሁ። ከጎረቤቷ መንደር ከኢሊ ተነስተን ባሕር ባሕሩን በእግር ልንሄድ አስበናል። አንድ ጓደኛዬ ግን መንገዱ ላይ ሰንሰለት ይዞ ገደል መውጣት አለ አለኝ። እውነት ነው? እናቴ ደግሞ የአፋርን ጨው በቴሌቪዥን እያየች ስለኖረች ነጭ የጨው ሜዳ ለማየት ጓጉታለች። ልጆቹም እዚያ ያለው የንፋስ ወፍጮ ጨውን እንዴት ይፈጭ እንደነበር ይጠይቁኛል። ጠዋት 4 ሰዓት ብንነሳ ይሻላል ወይስ ከሰዓት በኋላ?»

መልስ፦ ሰንሰለቱ እውነት አለ፤ እርስዎ መንገድ ላይ ግን የለም። ጓደኛዎ ሁለት ቦታ ደባልቀዋል። ሰንሰለቱ ያለው ኪንክሬይግ በሚባለው ገደላማ ጫፍ ላይ ነው፤ ያ ከኢሊ በስተምዕራብ ነው። ጨው ማምረቻው በስተምሥራቅ ነው። ኪንክሬይግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1929 በአለቱ ላይ የብረት ሰንሰለቶች ተተከሉ፤ ሰው እነሱን ይዞ ከአለት አለት ይሻገራል። ባሕሩ ከሞላ በቀላሉ መውጫ የለውም፤ እዚያ ተይዘው የነፍስ አድን ጀልባ የተጠራላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከ6 ዓመት ልጅና ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናት ጋር አይታሰብም። ኢሊ ላይ ባሕሩን በቀኝ እጅዎ አድርገው ከተጓዙ ሰንሰለቱን ጭራሽ አያዩትም።

ነጩን ሜዳ በተመለከተ ደግሞ ለእናትዎ ከአሁኑ ቢነግሯቸው ይሻላል። እዚያ ነጭ ነገር የለም። አሳሌ ላይ በአሞሌ መልክ የሚቆረጠውንም፣ አፍዴራ ላይ በኩሬ የሚደርቀውንም ጨው ያደረቀው ፀሐይ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ያ ፀሐይ የለም። የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ጨው ከመቶ 3.5 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ቶን ጨው ለማግኘት ወደ 30 ቶን ውሃ መትነን አለበት። ፀሐይ የማይችለውን እሳት ሠራው፤ የእሳቱ ማገዶ የድንጋይ ከሰል ነበር። ለ1 ቶን ጨው በርካታ ቶን ከሰል ያልቅ ነበር። የሚነደውም ገበያ ላይ እምብዛም ፈላጊ የሌለው ደቃቁ ከሰል ነው። ማምረቻው ሴንት ሞናንስ ላይ የተተከለውም ለዚህ ነው፤ ከሰሉም ባሕሩም እዚያው ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ታዲያ ምን ታያላችሁ? ሣር የለበሱ ጉብታዎች፣ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ግድግዳዎች፣ ከእነሱ በላይ ደግሞ ክብ የድንጋይ ማማ። ማማው ወፍጮው ነው። ጉብታዎቹ ጨው የሚቀቀልባቸው ቤቶች ነበሩ፤ በጠቅላላው ዘጠኝ። አብዛኞቹ አሁንም ከሣሩ ሥር ናቸው፤ በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የተገለጠ ግድግዳ ግን ይታያል። ታሪኩን ሳያውቅ የሄደ ሰው «ይኼ ነው እንዴ?» ብሎ ቢመለስ አልፈርድበትም። ስለዚህ ታሪኩን ይዛችሁ ሂዱ።

ለልጆቹ የሚነግሯቸው እነሆ። ወፍጮው ጨው ፈጭቶ አያውቅም። ሥራው ውሃ መሳብ ነበር። ከሥሩ ባለው አለት ላይ ተጠርቦ የተሠራ ማጠራቀሚያና ቦይ አለ፤ ባሕሩ ሲመጣ በራሱ ጊዜ ይሞላዋል። የወፍጮው ክንፍ በነፋስ ሲዞር ፓምፑ ውሃውን ወደ መቀቀያ ቤቶቹ ያደርሳል። በየቤቱ ውስጥ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የብረት ገንዳ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ከሰል ይነድዳል። ውሃው መፍላት ሲጀምር የከብት ደም ይጨመርበታል። የ10 ዓመቱ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን ማጨማደዱ አይቀርም፤ ዘዴው ግን ብልህ ነው። ደሙ በሙቀት ሲረጋ በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሰብስቦ ወደ ላይ ይዞ ይወጣል፤ ሠራተኛው እንደ አረፋ ይገፈዋል። ከዚያ ውሃው እየተጨመረ፣ እየፈላ፣ እየጎደለ፣ በመጨረሻ ጨው መሥራት ይጀምራል።

እሳቱ ሲፋፋም ጨው ደቃቅ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ሲተን ፍሬው ይተልቃል። ሰንበት ስለሚከበር ቅዳሜ ማታ እሳቱ እየበረደ ይተው ነበር። በዚያ ዝግታ የሚገኘው ትልልቁ ፍሬ «የእሁድ ጨው» ይባል ነበር፤ ተፈላጊም ነበር። ማንም ሳይነካው የተሠራው ጨው ከተለፋበት በልጦ መገኘቱ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

የማምረቻው ባለቤት ሰር ጆን አንስትራዘር ይባላሉ። የኒውአርክ የከሰልና የጨው ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1771 ነው። ከኢሊ ለሚነሳ ሰው መንገዱ መጀመሪያ ላይ ባሕሩ አፋፍ የቆመ ትንሽ ግንብ ያጋጥመዋል፤ ለሚስታቸው ለወይዘሮ ጃኔት የተሠራ ነው። ባሕር ሲዋኙ ልብስ የሚቀይሩበት ነበር። ሊዋኙ ሲወጡ አንድ አገልጋይ ሰው እንዳይጠጋ መንደሩን ደወል እየመታ ይዞር ነበር ይባላል። ግንቡንና መቀቀያ ቤቶቹን አያይዞ ማየት ደስ ይላል፤ የአንድ ቤት ሀብት ሁለት ገጽታ ናቸው።

ሌላው ገጽታ አያስቅም። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ1606 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ የከሰል ማዕድን ሠራተኛና ጨው ቀቃይ ያለ ጌታው ፈቃድ ሌላ ጋ መቀጠር አይችልም ነበር። በተግባር የዕድሜ ልክ እስር ነው። ሕጉ የላላው በ1775፣ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1799 ነው። አስቡት፤ የሴንት ሞናንሱ ማምረቻ ሥራ ሲጀምር ሕጉ ገና አልተነካም። እነዚያን ግድግዳዎች ስታዩ በእንፋሎትና በጢስ ታፍኖ የሚሠራውን ሰው አብራችሁ አስቡት። ሥራው በ1823 ቆመ። በዚያው ዘመን የጨው ግብር ተነስቶ ከእንግሊዝ ቼሻየር የሚመጣው ርካሽ የከርሰ ምድር ጨው ገበያውን እየወሰደ ነበር። ከኤደንብራ ብዙም ሳይርቅ ያለው ፕሬስተንፓንስ ግን እስከ 1959 ድረስ ጨው ማምረቱን አላቆመም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። «ጠዋት ወይስ ከሰዓት» ለሚለው ጥያቄ ቋሚ መልስ የለውም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህ ተጠራቅሞ 6 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ማለትም ባለፈው ቅዳሜ በ4 ሰዓት ደረቅ የነበረው ዳርቻ በዚህ ቅዳሜ በ4 ሰዓት ውሃ ሊሆን ይችላል። ጓደኛ «እኛ በዚህ ሰዓት ሄደን ምንም አልሆንንም» ቢልዎት ለእርስዎ ቀን አይሠራም። ይህ ዳርቻ ባለበት በፎርዝ ባሕረ ሰላጤ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ተከትለው በሚመጡት ቀናት ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው እንኳን በግማሽ ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ አይጠብቅም። ውሃው ደግሞ ፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ በአለቶቹ መካከል ዞሮ ከኋላ ይዘጋል።

ይህ በእርስዎ ጉዞ ሁለት ቦታ ላይ ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው ኒውአርክ ከሚባለው ሌላ የድሮ ግንብ ፍርስራሽ አልፎ ወደ ሴንት ሞናንስ ቤተ ክርስቲያን ሲቃረቡ ነው። እዚያ መንገዱ ወርዶ በባሕሩ ዳርቻ ድንጋይ ላይ ያልፋል። ባሕሩ ሲሞላ ይህ ክፍል ውሃ ይደርሰዋል። ለዚያ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚዞር አማራጭ መንገድ አለ፤ ምልክት ተተክሎለታል። ምልክቱን ካዩና ውሃው ቅርብ ከሆነ «በቶሎ እናልፋለን» የሚል ሐሳብ አያምጡ፤ ይዙሩ። ሁለተኛው ወፍጮው ሥር ነው። እዚያ የደህንነት ጉዳይ ሳይሆን የማየት ጉዳይ ነው። በአለቱ ላይ የተጠረበው ቦይና ማጠራቀሚያ በደንብ የሚታየው ባሕሩ ሲሸሽ ነው። በሙላት ሰዓት የደረሰ ሰው የታሪኩን ግማሽ ውሃ ሥር ትቶት ይመለሳል።

ስለዚህ ከሽሽቱ ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ያቅዱ። ለዚያ አካባቢ የሚሆነው የአንስትራዘር ወደብ የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ ነው፤ ቅርብ ነው። የዕለቱን ዝቅተኛ ሰዓት ይፈልጉ። ከኢሊ የሚነሱ ከሆነ ከዚያ 3 ሰዓት ቀድመው ይነሱ። ከኢሊ ሴንት ሞናንስ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከልጆች ጋር ቆም እያሉ 2 ሰዓት ቢወስድ አይገርምም። እንዲህ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለውን ክፍል ባሕሩ እየሸሸ እያለ ያልፉታል፤ ወፍጮው ጋ የሚደርሱት ደግሞ በዝቅተኛው ሰዓት አካባቢ ነው። ለምሳሌ ሽሽቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ እርስዎ ያሰቡት 4 ሰዓት ልክ ነው። ሽሽቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሆነ ግን በ4 ሰዓት ሲነሱ ባሕሩ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ሙላቱ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ቀላል ይመስላል ግን ሰው ይስታል። ሠንጠረዡ በፈረንጅ ሰዓት ነው፦ 13:00 ማለት የእኛ 7 ሰዓት ነው። እናትዎ በሐበሻ ሰዓት፣ ልጆቹ በፈረንጅ ሰዓት ሲያወሩ የስድስት ሰዓት ልዩነት በቀላሉ ይገባል፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ ሽሽትን ሙላት ለማድረግ ልክ የሚበቃው ነው። በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ተስማምታችሁ ውጡ። በዚያ ላይ አንዳንድ ሠንጠረዦች በበጋም በግሪንዊች ሰዓት ይታተማሉ። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደዚያ ያለ ሠንጠረዥ ካጋጠመዎት 1 ሰዓት ይጨምሩ። የትኛው እንደሆነ ሠንጠረዡ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብርቱ ነፋስ ከባሕሩ በኩል ሲነፍስ ደግሞ ውሃው ሠንጠረዡ ከሚለው በላይ ሊወጣ ይችላል።

የእናትዎ ጉልበት ነገር። ከኢሊ ያለው መንገድ ገደል አይደለም፤ ግን ወጣ ገባ ነው። ሣር፣ አሸዋ፣ ደረጃ፣ ጭቃ ይፈራረቃሉ። በጣም የማልወደው የባሕሩን ዳርቻ ድንጋይ ነው፤ አረንጓዴ ለብሶ እርጥብ ሲሆን ጤናማ ጉልበት ያለውን ወጣት እንኳን ያዳልጠዋል። መሀል ላይ ጉልበታቸው እምቢ ካለ መኪና የሚደርስበት ቦታ ሁልጊዜ ቅርብ አይደለም። የኒውአርክ ግንብም ለልጆች ፈተና ነው። የፈረሰ ግድግዳ ሲያዩ መግባት ያምራቸዋል፤ ግንቡ ያለው ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ ድንጋዩም አያስተማምንም። ከውጭ አይቶ ማለፍ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ በዚህኛው ጉዞ ኢሊን ይተዉት። አራታችሁም ከሴንት ሞናንስ ወደብ ተነሱ። ከወደቡ ወፍጮው 1 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ባሕሩን ተከትሎ፣ በድንጋይ በተገደበው የመዋኛ ገንዳ አጠገብ አልፎ ይወስዳችኋል፤ ብዙ ሽቅብ ቁልቁል የለውም። መቀቀያ ቤቶቹ ታች በዳርቻው ደረጃ ናቸው። ወፍጮው ራሱ ከፍ ብሎ ስለቆመ ወደ እሱ አጭር ዳገት አለች። እናትዎ ካልፈለጉ ታች ሆነው ቤቶቹን ማየት ይችላሉ፤ ለእኔ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ከሽሽቱ 1 ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ልጆቹ ቦዩን ከላይ ሆነው ለማየት በቂ ጊዜ ያገኛሉ። አለቱ ላይ ግን ብቻቸውን አይውረዱ።

ጉልበታቸው ከፈቀደ በዚያው መንገድ እስከ ፒተንዊም መቀጠል ይቻላል፤ ከወፍጮው 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጨው ለመርከብ ይጫን የነበረውም ፒተንዊም ወደብ ላይ ነው፤ ልጆቹ የጨውን መንገድ ተከትለው ሄዱ ማለት ነው። እዚያ አውቶቡስ ስለሚገኝ በእግር መመለስ የለባችሁም። ካልፈቀደ ከወፍጮው ወደ ሴንት ሞናንስ ተመልሳችሁ ቤተ ክርስቲያኑን እዩ። በ1360ዎቹ በንጉሥ ዳዊት ሁለተኛ ዘመን የተሠራ ነው፤ ባሕሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ያሰኛል። ውስጡ የመርከብ ሞዴል ተሰቅሏል። የኢሊውን መንገድ እርስዎና ትልቁ ልጅ ሌላ ቀን ሂዱበት፤ ያኔ የ3 ሰዓቱ ስሌት ያስፈልጋችኋል።

ወፍጮው ውስጥ ለመግባት ካሰባችሁ በሩ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ ነው። መንደሩ ውስጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባይከፈትም ብዙ አይጎድልባችሁም፤ አሠራሩን የሚያስረዱ ሰሌዳዎች ቦታው ላይ አሉ። ግድግዳው ላይ መውጣት፣ ድንጋይ ለማስታወሻ ማንሳት ወይም በብረት መፈለጊያ መሣሪያ መቆፈር ግን አይቻልም፤ ቦታው በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ባለው ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ በእግር የመሄድ መብት አለው። ያ መብት ቅርስ ለመነካካት አይዘረጋም።

እናትዎ «ትልቅ ፍርስራሽ ካላየሁ» ካሉ ሌላ ምርጫ አለ። እዚያው ፋይፍ ውስጥ ከኩልሮስ መንደር በምሥራቅ በኩል ፕሬስተን ደሴት የሚባል ቦታ አለ። በ1800 አካባቢ ሰር ሮበርት ፕሬስተን ከሰል እያወጡ ጨው ያስቀቅሉበት ነበር። ድሮ ደሴት ነበር፤ የሎንጋኔት የኤሌክትሪክ ማመንጫ አመድ ባሕሩን ሞልቶት ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። መንገዱ ሜዳ ነው፤ የቆሙት ግድግዳዎችም ከሴንት ሞናንሶቹ ይበልጣሉ። ግን የንፋስ ወፍጮ የለም፤ አካባቢውም ኢንዱስትሪ የበዛበት ነው። ግድግዳዎቹም ስለተዳከሙ ከሥራቸው አይቁሙ። ለልጆች ሴንት ሞናንስን እመርጣለሁ፤ ውሃው ከየት ገብቶ የት እንደሚደርስ በጣት እየጠቆሙ ማሳየት ይቻላል።

ስለ መጓጓዣ፦ መኪና ከሌላችሁ ከኤደንብራ በባቡር እስከ ሌቨን ሂዱ። መስመሩ ለ55 ዓመታት ያህል ተዘግቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 እንደገና ተከፍቷል። ከዚያ ወደ ሴንት አንድሩስ አቅጣጫ በባሕር ዳሩ መንደሮች የሚያልፍ አውቶቡስ አለ፤ ኢሊም፣ ሴንት ሞናንስም፣ ፒተንዊምም መንገዱ ላይ ናቸው። የመመለሻውን ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት እዩ፤ በተለይ እሁድ።

የአየር ሁኔታው ሌላ ጉዳይ ነው። በጸደይና በበጋ በዚያ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከባሕር ድንገት ወፍራም ጉም ይገባል። ኤደንብራ ፀሐይ ሆኖ እዚያ ወፍጮው ላይታይ ይችላል፤ ብርዱም ሌላ ነው። ለእናትዎ ጃኬት ይያዙ፣ «ሞቃት ነው» ቢሉም። ታኅሣሥ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ስለምትጠልቅ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሽሽት አይጠቅማችሁም፤ ሌላ ቀን ምረጡ። ጫማው የሚይዝ መርገጫ ያለው ይሁን። ረጅም ሣር ውስጥ ከገባችሁ ማታ የልጆቹን እግር መዥገር እንዳይኖርበት እዩ። ሰው በባሕሩ ከተያዘ ወይም ከወደቀ 999 ደውለው የባሕር ጠረፍ ጥበቃን ይጠይቁ። «አምቡላንስ» ብቻ ካሉ ጥሪው መጀመሪያ ለሌላ ክፍል ይሄዳል።